ጆን ስኖው፦ የጉድጓድ ውኃ ጥራት በአኀዝ ሲመዘን

ዶክተር ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1813 በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ከአንድ የጉልበት ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። በ14 ዓመታቸው የሕክምና ሙያ ለመልመድ ወደ ኒውካስል ሄዱ። ኮሌራ ወደ እንግሊዝ በገባበት ወቅትም የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን በመርዳት በሽታውን በቅርብ ተመለከቱ። በ1844 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክትሬት ተቀበሉ።

በዘመኑ አብዛኞቹ ሊቃውንት ኮሌራ ከብስባሽ በሚነሣ መጥፎ አየር እንደሚመጣ ያምኑ ነበር። ስኖው ግን በሽታው የሚያጠቃው ሆድን በመሆኑ የሚገባውም በአፍ፣ በተለይም በተበከለ ውኃ ነው የሚል ጽሑፍ በ1849 አሳተሙ።

በ1854 በኦገስት ማብቂያ በለንደን ሶሆ ሰፈር ብርቱ ወረርሽኝ ተነሣ። ስኖው የብሮድ ስትሪትን የጉድጓድ ውኃ ቢመረምሩም ጎልቶ የሚታይ ብክለት አላገኙበትም። የጊዜው ምርመራ መልስ ሊሰጥ ባለመቻሉ ወደ ሟቾች መዝገብ ዞሩ። ከ83 ሟቾች መካከል ለሌላ ጉድጓድ ይበልጥ የሚቀርቡት 10 ብቻ ነበሩ፤ ከቀሪዎቹ 73 ውስጥም 61ዱ የብሮድ ስትሪትን ውኃ ይጠጡ እንደነበር ተረጋገጠ። በአንጻሩ የራሱ ጉድጓድ በነበረው በአቅራቢያው የድኆች መጠለያ፣ ከ535 ነዋሪዎች የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ። በዚህ ማስረጃ መሠረት የፓምፑ እጀታ ሴፕቴምበር 8 ቀን ተነቀለ። ሆኖም ብዙ ሰዎች ሰፈሩን ለቀው ስለነበር ወረርሽኙ አስቀድሞ መቀነስ መጀመሩን ስኖው ራሳቸው አልሸሸጉም።

የአንድ ጉድጓድ ማስረጃ ብቻውን በቂ አለመሆኑን በመረዳት፣ በዚያው ዓመት በደቡብ ለንደን በሁለት የቧንቧ ውኃ ኩባንያዎች የሚገለገሉ ቤቶችን አነጻጸሩ። ከከተማው ፍሳሽ በታች ከቴምስ ወንዝ ውኃ ይቀዳ በነበረው ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ ከ10,000 ቤቶች 315 ሰዎች ሲሞቱ፣ መቅጃውን ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ባዛወረው ዘንድ ግን 37 ብቻ ሞቱ። ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ መንደር ጎን ለጎን ያገለግሉ ስለነበር፣ ልዩነቱን በአየር ማሳበብ አዳጋች ሆነ።

በ1855 የብሮድ ስትሪት ጉድጓድ ዙሪያው ሲቆፈር፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ግንቡ የፈራረሰ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ተገኘ። ያም ሆኖ ስኖው በ1858 በ45 ዓመታቸው ሲያርፉ ሐሳባቸው ገና ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም ነበር።

ዛሬ የከርሰ ምድር ውኃ ጥራት የሚገመገመው የተለኩ ንጥረ ነገሮችን እንደየክብደታቸው በሚያጠቃልሉ የሒሳብ መለኪያዎች ነው። መለኪያው ግን ያልተለካውን ብክለት አያሳይም። የስኖው ሥራ የሚያስገነዝበው ይህንኑ ነው፤ የናሙናው ውጤት ከጠጪው ሕዝብ ጤንነት ጋር ካልተመሳከረ፣ ንጹሕ የተባለው ውኃ ገዳይ ሊሆን ይችላል።