ሙሴ ኬቮርክ ናልባንድያንና የናስ መሣሪያዎች

ሥራቸው በሕዝብ ሁሉ አፍ ሲነገር ኖሮ ስማቸው ግን የተዘነጋ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። አያቶቻችን በተማሪነታቸው ዘመን ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቀጥ ብለው ቆመው ይዘምሩት የነበረውን መዝሙር ቃሉንም ዜማውንም እስከ ዛሬ አልረሱትም። ዜማውን የደረሰው ማን እንደ ሆነ በዲጋም በነቀምትም የምናውቃቸውን ሽማግሌዎች ብንጠይቅ ግን፣ አንዳንዶቹ የጥንት ሊቅ የደረሰው ነው አሉን፤ አንዳንዶቹም ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው አሉን፤ የቀሩት ዝም አሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚያወጣው በዚህ መጽሔት ላይ፣ እኛ የዘንድሮው የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የእኒህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ልንጽፍ ወደድን። ሰውየው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንድያን ይባላሉ፤ ትውልዳቸውም አርመን ነው።

ሙሴ ኬቮርክ የተወለዱት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. ሲሆን፣ አገራቸውም ያን ጊዜ በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ሥር የነበረችው የአይንታብ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ብዙ አርመኖች ይኖሩ ነበር፤ የእጅ ሥራ፣ ንግድና ትምህርት የሚወዱ ሰዎች ነበሩ ይባላል። ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. በታላቁ ጦርነት መካከል የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከየቤታቸው እያስወጣ ወደ ሶርያ በረሃ ነዳቸው። ወንዶቹ ተገደሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት በመንገድ ላይ በረሃብና በውኃ ጥም አለቁ። ከሞት የተረፉትም ሕፃናት በሶርያ፣ በሊባኖስ፣ በግብፅና በኢየሩሳሌም በየገዳሙና በየሕፃናት ማሳደጊያው ተበተኑ። ይህን የምናነሣው ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም፤ ያለዚህ ታሪክ አርመናዊው የሙዚቃ መምህር አዲስ አበባ ላይ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ሊገባ ስለማይችል ነው።

በ1916 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የዚያን ጊዜው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ ውጭ አገር ለጉብኝት ተነሡ። ከእርሳቸውም ጋር ራስ ኃይሉና ራስ ሥዩም ነበሩ። ወደ አውሮፓ ከመሻገራቸው በፊት ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ፣ በአርመኖች የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ወላጅ የሌላቸው ልጆች የናስ መሣሪያ እየነፉ ተቀበሏቸው። አልጋ ወራሹ የልጆቹን አጨዋወት ባዩ ጊዜ ደስ አላቸው፤ ታሪካቸውንም በሰሙ ጊዜ አዘኑ። ከአርመን ፓትርያርክ ጋርም ተነጋግረው አርባዎቹን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለማስመጣት ተስማሙ። ልጆቹም ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ለዘመን መለወጫ ጥቂት ቀኖች ሲቀሩት አዲስ አበባ ገቡ። የሚመራቸውም መምህር ሙሴ ኬቮርክ ናልባንድያን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን አርባ ልጆች ተብለው ሲጠሩ ኖሩ፤ ይህም ስም የአርባ ሰው ቁጥር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የባንዱ መጠሪያ ሆነ። የመንግሥት የመጀመሪያው ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ የሚባለውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ከዚያ በፊትስ በኢትዮጵያ የናስ መሣሪያ አልነበረምን? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ነበረ። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ልከውላቸው ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በቤተ መንግሥት የናስ ሙዚቃ ይሰማ ጀመር። ከዚያም አስቀድሞ ከጥንት ጀምሮ መለከት፣ እምቢልታና ነጋሪት ነበሩን። እምቢልታ ነፊው ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ ስለማያወጣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለው ዜማው ይገኛል፤ አንድ ሰው ቢጎድል ዜማው ይጎድላል። የአውሮፓው መሣሪያ ግን ቫልቭ ስላለው አንድ ሰው ብቻውን ዜማውን በሙሉ ሊጫወተው ይችላል። በእኛ አስተያየት የእምቢልታው ሥርዓት ከአውሮፓው አያንስም፤ እንዲያውም ትዕግሥትና መተባበር የሚፈልግ ከባድ ሥራ ነው።

ሙሴ ኬቮርክ የተቀበሉት ሥራ ቀላል አልነበረም። ልጆቹ የሰውን ጭካኔ በልጅነታቸው ያዩ ናቸው፤ አገሩ እንግዳ፣ ቋንቋው እንግዳ፣ የአየሩ ከፍታም እንግዳ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ ከቆላ ለመጣ ሰው ትንፋሽ ቶሎ ያጥረዋል፤ የናስ መሣሪያ ደግሞ ያለ ትንፋሽ ከቁርጥራጭ ብረት አይሻልም። ሆኖም ልጆቹ በመምህራቸው አመራር በበዓላትና በእንግዳ መቀበያ ሥርዓቶች ላይ እየተጫወቱ ስማቸው ታወቀ። ሙሴ ኬቮርክም በልጆቹ ብቻ ሳይወሰኑ ለኢትዮጵያውያንም ኖታ ማንበብንና መሣሪያ መንፋትን አስተማሩ።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ ይህ ነገር ራሳችንንም ነክቶናልና። በትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከተሰበሩ ዴስኮች ሥር አንድ አሮጌ ኮርኔት ተጥሎ አገኘን። አፉ ተጨፍልቆ፣ ሁለተኛው ቫልቭ ደርቆ፣ ቱቦው በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ ነበር። ከመካከላችን አንዱ በመዶሻ ቀጥቅጠን እናቅናው አለ። ሌላው በሎሚና በአመድ እናብሰው፣ እናቶቻችን የናስ ዕቃ የሚያነጹት እንዲሁ ነውና አለ። ሁለቱም አሳብ ለድስት ይሆን ይሆናል፤ ለኮርኔት ግን ጥፋት ነው።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። የሙዚቃ ናስ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 70 እጅ ያህሉ መዳብ፣ 30 እጅ ያህሉ ዚንክ ሲሆን፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ናስ በተመታ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፤ በጣም ከጠነከረ በኋላ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለሙያው ጉድጓዱን ከውጭ አይመታውም፤ በውስጥ በኩል ልክ የሆነ የብረት ኳስ ወይም የቅርጽ ዘንግ አስገብቶ፣ ከውጭ በለሰለሰ ብረት እየጫነና እያሻሸ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከጠነከረም በእሳት አሙቆ ያለሰልሰዋል፤ ነገር ግን በአጠገቡ በቆርቆሮ ብየዳ የተያያዘ መጋጠሚያ ካለ እሳቱ ያንን ስለሚያቀልጠው መጠንቀቅ አለበት። ቫልቩ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በፒስቶኑና በሳጥኑ መካከል ያለው ክፍተት ከጠጕር የቀጠነ ስለ ሆነ፣ በጕጠት ይዞ መጠምዘዝ ወይም በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ለዘለዓለም ያበላሸዋል። ክፍተቱ ከሰፋ ትንፋሹ ያመልጣል፤ ትንፋሽ ካመለጠ ድምፁ ይታመማል።

ከዚህም ሌላ ማንም ሊያድነው የማይችለው አንድ በሽታ አለ። የነፊው ትንፋሽ እርጥበትና ምራቅ በቱቦው ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲቀመጥ ዚንኩን ከናሱ ውስጥ እየበላ ያወጣዋል፤ የሚቀረው ሐምራዊ የመሰለ ቀይ ነጥብ ያለበት የሰለለ መዳብ ነው። በውጭ ሲታይ ትንሽ ነጥብ ነው፤ በውስጥ ግን ቱቦው አልቋል። እንዲህ ያለው ቱቦ ተቈርጦ ይጣላል፣ በአዲስም ይተካል እንጂ አይጠገንም።

የእኛ ኮርኔት ደግነቱ ይህ በሽታ አልያዘውም ነበር። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጠብነው። በቫልቩና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ቀጭን ዘይት እየጨመርን ታገሥን፤ ፒስቶኑ በአምስተኛው ቀን ያለ ጕልበት ወጣ። ለተጨፈለቀው አፍ በዲጋ ገበያ ማረሻ ለሚሠሩት ሽማግሌ ወሰድነው። እርሳቸውም አገላብጠው አይተው፣ ይህ በመዶሻ የሚሠራ አይደለም፣ ቅርጹን የያዘ እንጨት አምጡ ብለው መለሱን። እኛ በመጽሐፍ ያነበብነውን እርሳቸው በዓይን አወቁት። አናጢ የሆኑ የአንዱ ጓደኛችን አባት ከዋንዛ እንጨት ቅርጹን ጠርበው ሰጡን፤ ሽማግሌውም ናሱን በእንጨቱ ላይ አድርገው በለሰለሰ ብረት ሁለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲያሹት ቆዩ። የታጠፈበት መስመር እስከ ዛሬ ይታያል፤ ድምፁ ግን ወጥቷል። መስመሩን ፍቆ ለማጥፋት የፈለጉ ነበሩ። እኛ ግን ከግማሽ ሚሊሜትር ላይ ምን ተፍቆ ምን ይቀራል ብለን ተውነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ሙሴ ኬቮርክ ኢትዮጵያ ገብተው ብዙ ሳይቆዩ ለአልጋ ወራሹ የክብር ሰልፍ የሚሆን ዜማ ደረሱ፤ ይህም ማርሽ ተፈሪ ተባለ። ግጥሙን የጻፉት በጎጃም ደብረ ኤልያስ የተወለዱት የቅኔ ሊቅ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። እስቲ ይህን እናስብ፤ አንዱ በአብነት ትምህርት ቤት በቅኔ ያደጉ፣ ሌላው በአውሮፓ ኖታ የተማሩ ስደተኛ ናቸው። ግጥሙ የአማርኛ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ለሙሴ ኬቮርክ አፍ የፈቱበት ቋንቋ አይደለም። ቃሉ የሚጠብቅበትንና የሚላላበትን ቦታ ሳያውቁ ዜማ ቢያለብሱት ኖሮ ሕዝቡ ሊዘምረው አይችልም ነበር። መዝሙሩን አያቶቻችን ሲዘምሩት እንደሰማነው ግን ቃሉ ከዜማው ጋር አይጣላም። ይህ የሁለቱም ሊቃውንት ሥራ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን የሚበልጠው ድካም የእንግዳው ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ በጫኑበት ዕለት፣ ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይም ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ በእንግድነት በተገኙበት በዓል ያ ዜማ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ተሰማ። ከ15 ዓመት በፊት ወገኖቻቸው አገር አልባ የሆኑባቸው ሰው፣ ለሌላው ሕዝብ የአገሩን መዝሙር ሰጡት። ከአርባዎቹ ልጆች ግን ውላቸው ካለቀ በኋላ ወደ ሌላ አገር የሄዱ አሉ፤ በኢትዮጵያ ቀርተው ትዳር ይዘው በዚሁ ያረፉም አሉ።

ፋሽስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ መዝሙሩ በይፋ አይዘመርም ነበር። ከነጻነት በኋላ ግን በየትምህርት ቤቱ፣ በየጦር ሰፈሩና በየአደባባዩ ተመልሶ ተሰማ፤ ወደ ወለጋ ትምህርት ቤቶች የገባውም እንዲሁ ነው። የሙሴ ኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያንም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ስለ ነበር፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ መርተዋል፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ሠርተዋል፤ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። በሳክስፎናቸው ዓለም ያወቃቸው ጌታቸው መኩሪያ በልጅነታቸው ሥራ የጀመሩት በዚያው በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ነው። በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ባንዶች ውስጥ ጥሩምባና ትሮምቦን የነፉትም ኢትዮጵያውያን ቢሆኑ፣ መንገዱ የተጠረገላቸው አርባ ልጆች ከገቡበት ዘመን ጀምሮ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሙሴ ኬቮርክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. አረፉ። መዝሙራቸው ዝም ሲል አላዩም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከወረዱ በኋላ መዝሙሩ ቀረና በሌላ ተተካ፤ ያም ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ሰሎሞን ሉሉ ዜማውን በደረሱት፣ እኛ ዛሬ በምንዘምረው መዝሙር ተለወጠ። ነርሲስ ናልባንድያንም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

መዝሙር ከመንግሥት ጋር እንደሚለወጥ እናውቃለን፤ በዚህ የምንከራከረው ነገር የለም። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን የተጣሉት አሮጌ የናስ መሣሪያዎች ግን በየክረምቱ እርጥበት እየበላቸው፣ አንዳንዶቹም በኪሎ እየተመዘኑ ለብረት ገዥ እየተሸጡ ነው። የእኛን ኮርኔት በዘንድሮው በዓል ላይ የአንደኛው ክፍል ተማሪ ይነፋታል፤ ሦስተኛዋ ቫልቭ አሁንም በብርድ ጧት ትዘገያለችና ከመጫወቱ በፊት በእጁ እንዲያሞቃት ነግረነዋል።