ኤድዋርድ ዌስተንና የካሜራው ጓዝ

ፎቶግራፍ ማንሳት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ልቡ በዕቃ ይጠመዳል። አንድ ካሜራ ያለው ሁለተኛ ይመኛል፤ ሁለት ሌንስ የገዛም ሦስተኛውን ያልማል። በዚህ ምንባብ የሕይወት ታሪኩ የቀረበው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን ግን የተጓዘው በተቃራኒው መንገድ ነው። በወጣትነቱ የሰበሰባቸውን መሣሪያዎችና የሥራ ዘዴዎች በየጊዜው እያራገፈ ሄዶ በመጨረሻ የቀረው አንድ ትልቅ ካሜራ፣ ጥቂት ሣህኖችና አንድ የኤሌክትሪክ አምፑል ነበር። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ዌስተን የተወለደው ማርች 24 ቀን 1886 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ ሃይላንድ ፓርክ በምትባል ከተማ ሲሆን ያደገው በቺካጎ ነው። አባቱ ሐኪም ነበር። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተችበት እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሜይ ናት። ለመደበኛ ትምህርት እምብዛም ፍላጎት ያልነበረው ይህ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት በሞላው ጊዜ፣ ማለትም በ1902፣ አባቱ የኮዳክ ኩባንያ የሠራውን ሣጥን መሰል ካሜራ ሰጠው። ካሜራው ተራና ብዙ የሚስተካከል ነገር የሌለው ነበር። ልጁ ግን በዚያች ሣጥን የሕይወቱን ሥራ አገኘ። ብዙም ሳይቆይ ሣጥኗ አላረካ ስላለችው ገንዘብ አጠራቅሞ ያገለገለ፣ ከፍ ያለና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያለው ካሜራ ገዛ።

በ1906 እህቱ ወደምትኖርበት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። በዚያም ካሜራውን ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሕፃናትን፣ የቤት እንስሳትንና የቀብር ሥነ ሥርዓቶችን በማንሳት ኑሮውን ይገፋ ጀመር። ሙያውን በወጉ ለመማር ወደ ኢሊኖይ ተመልሶ አንድ የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ገባ። የዘጠኝ ወሩን ትምህርት በስድስት ወር ቢጨርስም ላልተማረባቸው ወራት አልከፍልም በማለቱ ዲፕሎማውን ተከለከለ። በ1909 ፍሎራ ቻንድለር የተባለች መምህርት አገባ፤ አራት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። በ1911 ትሮፒኮ በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ።

በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የኪነ ጥበብን ማዕረግ ለማግኘት የቀለም ሥዕልን መምሰል አለበት የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺዎች ምስሉን ሆን ብለው የሚያደበዝዙ ልዩ ሌንሶችን ይጠቀሙ ነበር። የሰው ፊት ከጭጋግ ውስጥ እንደወጣ ሆኖ ይታያል፤ የልብስ እጥፋት፣ የቆዳ ሽብሽብ፣ የፀጉር ዘለላ ሁሉ ይለሰልሳል። ወጣቱ ዌስተን በዚህ ስልት የተካነ ነበር። ሥራዎቹ በየኤግዚቢሽኑ ተሸለሙለት፤ ስሙም ከአገሩ ውጭ ታወቀ። ደንበኞቹ ደግሞ መልካቸው እንዲያምርላቸው ስለሚፈልጉ ኔጋቲቩን በእርሳስ እየነካካ መስመሩን ማጥፋት፣ ጠባሳውን መሸፈን የዘወትር ተግባሩ ሆነ። ገቢው የተመሠረተው በዚሁ ሥራ ላይ ነበር። አራት ልጆች ያሉት ሰው እንዲህ ያለውን እንጀራ በቀላሉ አይተወውም።

ይሁን እንጂ ከ1920 በኋላ በዚህ ሥራ ላይ ያለው እምነት እየላላ ሄደ። በ1922 እህቱን ለመጠየቅ ወደ ኦሃዮ በሄደ ጊዜ በሚድልታውን ከተማ የሚገኘውን የብረት ፋብሪካ አነሣ። ጢስ የሚተፉት ረጃጅም ቱቦዎች መደብዘዝም ሆነ መኳል አላስፈለጋቸውም፤ ጥርት ብለው ሲታዩ ያምሩ ነበር። ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በዘመኑ በፎቶግራፍ ጥበብ ታላቅ ተሰሚነት ከነበረው ከአልፍሬድ ስቲግሊትዝ ጋር ተገናኘ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1923፣ የበኩር ልጁን ቻንድለርን ይዞ ቲና ሞዶቲ ከተባለችው ባልደረባው ጋር ወደ ሜክሲኮ ሄደ። ሚስቱንና ሌሎቹን ሦስት ልጆች በካሊፎርኒያ ትቶ መሄዱ በቤተሰቡ ላይ ያስከተለው ችግር ቀላል አልነበረም፤ የእርሱም የግል ሕይወት በዚህ ረገድ የሚመሰገን አይደለም።

በሜክሲኮ ኑሮው በድህነት ያለፈ ቢሆንም የሥራ ዘዴው የጠራው እዚያ ነው። ምስል የሚያደበዝዙትን ሌንሶች ትቶ ከአሮጌ ዕቃ መካከል በጥቂት ዶላር የሚገመት ተራ ሌንስ ገዛ። ሌንሱ ያረጀ ሞዴል ስለ ነበር ማንም ሊቀናበት የሚችል ዓይነት አልነበረም። ነገር ግን የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው እጅግ ሲጠብብ ከቅርቡ ጠጠር እስከ ሩቁ ተራራ ያለውን ሁሉ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ዌስተንም የፈለገው ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ፎቶግራፍ አሠራር ጥቂት ማስረዳት ያሻል። በፊልም ዘመን ካሜራው በመጀመሪያ የሚሰጠው ኔጋቲቭን ነው። በኔጋቲቭ ላይ ብሩህ የነበረው ጨልሞ፣ ጨለማ የነበረውም በርቶ ይታያል። ከትንሽ ኔጋቲቭ ትልቅ ፎቶግራፍ ለማውጣት በማጉያ መሣሪያ ማሳደግ ግድ ይሆናል። ዌስተን በሜክሲኮ በእጅ በሚያዝ ካሜራ ያነሣቸውን ምስሎች በዚያን ጊዜ ይጠቀምበት በነበረው ልዩ ወረቀት ላይ ለማተም በመጀመሪያ ትልቅ ኔጋቲቭ ማዘጋጀት ነበረበት። አንድ ምስል ከኔጋቲቭ ወደ ሌላ ኔጋቲቭ በተላለፈ ቁጥር ጊዜና ገንዘብ ይባክናል፤ ከጥራቱም ጥቂት ይጎድላል። ትልቁ ካሜራው ግን ቁመቱ 25፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ኔጋቲቭ ይሰጣል። ይህን ኔጋቲቭ በቀጥታ ከፎቶ ወረቀቱ ጋር አጣብቆ ብርሃን ማሳየት ብቻ ይበቃል። የሚወጣው ፎቶግራፍ በመጠኑም ሆነ በዝርዝሩ ከኔጋቲቩ ጋር አንድ ነው። እንግዲህ ማጉያ አያስፈልግም፤ መካከለኛ ኔጋቲቭም አያስፈልግም።

ይህ ቀላልነት ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ትልቁን ካሜራ የሚጠቀም ሰው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከካሜራው በስተ ኋላ ባለው መስታወት ላይ ምስሉን ይመለከታል፤ ያም ምስል የተገለበጠ ነው። ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ ይሆናል። ፊልሙ ውድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላም ጫፉን ቆርጦ ወይም አሳድጎ ማረም አይቻልም። ስለዚህ ዌስተን ፎቶግራፉን በጨለማ ክፍል ውስጥ ማሻሻልን ትቶ ገና መስታወቱ ላይ ሳለ ፈጽሞ ማየትን ልማድ አደረገ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ሁሉ በቦታው መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ያነሣል፤ አብዛኛውን ጊዜም አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አያነሣም ነበር። መሣሪያው የእርሱን ልማድ ፈጠረ ቢባል ስህተት አይሆንም፤ እርሱም ለልማዱ የሚስማማውን መሣሪያ መረጠ ቢባል እንዲሁ።

ከሜክሲኮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1927፣ የባሕር ዛጎሎችን ያነሣ ጀመር። ዛጎሉን ከጥቁር ነገር ፊት ያስቀምጥና የሌንሱን ቀዳዳ እጅግ አጥብቦ በደካማ የቤት ውስጥ ብርሃን ያነሣዋል። በዚህ ሁኔታ ፊልሙ በቂ ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ አንዳንዴ አራት ሰዓት ተኩል ያህል መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። በመንገድ ላይ የጭነት መኪና ባለፈ ጊዜ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ ዛጎሉ በፀጉር ስፋት እንኳ ከተነቃነቀ የብዙ ሰዓት ድካም ከንቱ ይሆናል። ታዲያ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ፈጣን ሌንስና ኃይለኛ መብራት ፍለጋ በሄደ ነበር። ዌስተን ግን እንደገና ጀምሮ መጠበቅን መረጠ።

በኦገስት 1930 ደግሞ የፈረንጅ ቃሪያ ማንሳት ያዘ። አንዱን ቃሪያ በብዙ መንገድ አነሣው፤ ሆኖም ከቃሪያው ጀርባ የሚሆነው ነገር አልስማማ አለው። በኋላ ዘይት ወደ ጠርሙስ ለማንቆርቆር የሚያገለግል አፈ ሰፊ ቆርቆሮ አምጥቶ ቃሪያውን በውስጡ አስቀመጠው። የቆርቆሮው ጠመዝማዛ ግድግዳ ብርሃኑን ከየአቅጣጫው እየመለሰ በቃሪያው ላይ አፈሰሰው። ቃሪያ ቁጥር 30 በመባል የሚታወቀው ፎቶግራፍ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ጡንቻው የፈረጠመ የሰው ጀርባ የሚመስለው ይህ ቃሪያ ከሃያኛው ምዕተ ዓመት ታዋቂ ፎቶግራፎች አንዱ ሆኗል። ቃሪያው ራሱ ግን እጣው ከጓደኞቹ የተለየ አልነበረም፤ ከተነሣ በኋላ ተበላ።

በዚሁ ዓመት አካባቢ ውዱንና ደብዛዛውን ወረቀት ትቶ በየመደብሩ ወደሚሸጠው አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ዞረ። በ1932 ከአንሰል አዳምስና ከሌሎች የካሊፎርኒያ ፎቶግራፍ አንሺዎች ጋር ኤፍ ስድሳ አራት የተባለውን ቡድን መሠረተ። ስሙ የተወሰደው ምስልን ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ከሚያደርገው እጅግ ጠባብ የሌንስ ቀዳዳ መለኪያ ነው። ለሰው ፎቶግራፍና በእጅ ተይዞ ለሚሠራ ሥራ ግን አነስ ያለ ካሜራ መጠቀሙን አልተወም፤ ከእርሱም የሚያወጣቸውን ትንንሽ ፎቶግራፎች በኔጋቲቩ ልክ ያትማቸው ነበር።

የቀረው ያ አስቸጋሪው የእርሳስ ሥራ ነበር። ዌስተን በራሱ የጥበብ ሥራ ላይ እርሳስ ባያሳርፍም ለእንጀራው ሲል የደንበኞችን ፊት ማስተካከሉን ለብዙ ዓመት ቀጥሎ ነበር። በ1934 በካርሜል ከተማ በሚገኘው ፎቶ ቤቱ ላይ ያልተነካኩ ፎቶግራፎችን ብቻ እንደሚያነሣ የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጠፈ። ጊዜው በአሜሪካ ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት የደረሰበት ስለ ነበር ደንበኛን የሚያሸሽ ማስታወቂያ መለጠፍ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ከዕቃዎቹ ሁሉ ይልቅ ለመጣል የከበደው ይህች እርሳስ ሳትሆን አትቀርም።

በ1937 የጉገንሃይም የጥናት ድጎማ ተሰጠው። ይህን ድጎማ ያገኘ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ አንሺ እርሱ ነው። በገንዘቡም በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከካሪስ ዊልሰን ጋር ምዕራባዊውን የአሜሪካ ምድር ዞረ። ዌስተን መኪና መንዳት ስለማይችል መሪውን የምትይዘው እርሷ ነበረች። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ26,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ከ1,200 የሚበልጡ ኔጋቲቮች ይዘው ተመለሱ። በበረሃው፣ በባሕሩ ዳርቻና በደኑ ውስጥ ያን ከባድ ካሜራ ተሸክሞ የሚወጣና የሚወርደው እርሱ ራሱ ነበር።

በ1938 ልጁ ኒል ከካርሜል በስተ ደቡብ፣ ዋይልድካት ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ አነስተኛ የእንጨት ቤት ሠራለት። የጨለማ ክፍሉን ያዩ እንግዶች ይገረሙ ነበር። ማጉያ የለም፤ የተወሳሰበ የመብራት መሣሪያም የለም። ከጣሪያው ላይ አንድ ባዶ አምፑል ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ኔጋቲቩንና ወረቀቱን አጣብቆ የሚይዝ ባለ መስታወት ክፈፍና የኬሚካል ሣህኖች ተደርድረዋል። ቶሎ መጥቆር የማይገባውን የምስሉን ክፍል በእጁ ጥላ እየከለለ ለብርሃን የሚሰጠውን ጊዜ ያስተካክላል። በውጤቱ የምትደነቁበት ጥራት ሁሉ ከዚህች ክፍል የወጣ ነው።

የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1946 የሕይወት ዘመን ሥራውን የሚያሳይ ታላቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀለት። በዚያን ጊዜ ግን ፓርኪንሰን የተባለው፣ እጅን የሚያንቀጠቅጥና ሰውነትን የሚያደርቅ በሽታ ይዞት ነበር። ማቆሚያውን መትከል፣ ቀዳዳውን ማጥበብ፣ ፊልሙን ማስገባት ሁሉ የረጋ እጅ ይፈልጋል። በ1948 በሚወደው የፖይንት ሎቦስ የባሕር ዳርቻ ድንጋዮችን አነሣ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ፎቶግራፍ አላነሣም።

ኔጋቲቮቹ ግን አልቀው የተዘጋጁ ስለ ነበሩ በሌላ ሰው እጅ ለመታተም አላስቸገሩም። ልጁ ብሬት በአባቱ ተቆጣጣሪነት ከ800 በላይ የሚሆኑትን መርጠው በስምንት በስምንት ቅጂ አተማቸው። አባትየው እያንዳንዱን ፎቶግራፍ ተቀብሎ ያያል፤ የጠቆረውን፣ የነጣውን፣ የተስማማውን ይለያል። ዌስተን ጃንዋሪ 1 ቀን 1958 በዋይልድካት ሂል አረፈ፤ ዓመዱም በፖይንት ሎቦስ ተበተነ። ሌላው ልጁ ኮልም ከአባቱ ኔጋቲቮች ማተሙን ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ኔጋቲቮቹ ዛሬ በአሪዞና ክፍለ ግዛት፣ በቱሳን ከተማ በሚገኘው የፎቶግራፍ ማዕከል ተቀምጠዋል።