ጌኦርግ ሲሞን ኦም፦ የቁልፍ ሠሪው ልጅና የሽቦ ርዝመት

ጌኦርግ ሲሞን ኦም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም በዚሁ ናቸው) ማርች 16 ቀን 1789 በጀርመን አገር፣ በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሳይገባ በራሱ ጥረት ያወቀውን ሒሳብ ለልጆቹ አስተማራቸው። ወጣቱ ኦም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከመጽሐፉ ይልቅ ጭፈራና ቢሊያርዶ ስለ ወደደ አባቱ ተቆጥቶ ከሦስት መንፈቅ በኋላ አስወጣው። ከዚያም ስዊዘርላንድ ሄዶ በመምህርነት ኖረ።

በ1817 በኮሎኝ መምህር በሆነ ጊዜ የአባቱ የእጅ ሙያ ጠቀመው። የመለኪያ መሣሪያውን በገዛ እጁ ሠራ። የጊዜው ባትሪ ኃይሉ እየዋዠቀ ስላስቸገረው ቢስሙትና መዳብ አጋጥሞ፣ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ አኖረ። ውፍረታቸው እኩል፣ ርዝመታቸው የተለያየ የመዳብ ሽቦዎችን እያፈራረቀ ለካ። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ፍሰቱ በምን ሕግ እንደሚቀንስ በ1826 አሳወቀ።

ይህ ልኬት እንደ መካነ ሰላም ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ከተሞች ከቤት ሶኬት ገመድ ስቦ ደጅ ላይ በር ለሚበይድና ብረት ለሚቆርጥ ባለሙያ የዕለት ጉዳይ ነው። 2000 ዋት የሚወስድ ግራይንደር በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ኤክስቴንሽኑ 50 ሜትር፣ ሽቦውም 0.75 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ቢሆን፣ በደርሶ መልሱ 2.3 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው፤ 21 ቮልት ይጠፋል፣ 190 ዋት ያህልም በገመዱ ላይ ሙቀት ይሆናል። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን የሚጠፋው 6 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ቀጭኑ ገመድ እንደ ተጠቀለለ ከሠራ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ልባሱን ያቀልጣል። ሞተሩም ሲደክም ሠራተኛው ይጫነዋል፤ ማራገቢያው ይዘገያል፣ ጥቅልሉ ይግላል። በዚያ ላይ ሞተሮች በተለምዶ የሚመዘኑት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ አየር ሲሆን፣ መካነ ሰላም ከ2500 ሜትር በላይ ናት፤ ስስ አየር ደግሞ በደንብ አያቀዘቅዝም።

ይልቁንም አስፈሪው ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ገመድ ነው። አካሉ ብረት በሆነ መሣሪያ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ቀፎውን ቢነካ የመሬት መስመር ስለሌለ ፊውዙ አይቃጠልም፤ ፍሰቱ የሚያገኘው መንገድ የሠራተኛው አካል ይሆናል። ተቃውሞው አነስተኛ የሆነ የመሬት መስመር የሚፈለገው፣ በኦም ሕግ መሠረት፣ ፊውዙን በቶሎ የሚያቃጥል ብዙ ፍሰት እንዲያልፍ ነው።

ኦም በ1827 በርሊን ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ግን በአገሩ ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው። ተስፋ ያደረገው የፕሮፌሰርነት ወንበር ሳይገኝ ከኮሎኝ ሥራው ለቀቀ፤ በርሊን ላይ በአነስተኛ ደመወዝ ዓመታት አሳለፈ። በ1833 ኑርንበርግ ተቀጠረ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1841 የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው፤ የሙኒክ የፊዚክስ ወንበር የተሰጠው ግን በ1852፣ በ63 ዓመቱ ነው። ጁላይ 6 ቀን 1854 አረፈ፤ ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በተከታዩ ዓመት ነበር። እንግሊዛዊው ካቨንዲሽ ይህንኑ ሕግ ቀድሞ ደርሶበት ሳያሳትመው ሞቷል፤ ጽሑፉ የወጣው በ1879 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የተቃውሞ መለኪያውን በኦም ስም ጠራው።