የመበለቶች መምህርት ፓንዲታ ራማባይ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሕንድ አገር ከብራህማን ወገን ተወልዳ በሕፃንነቷ የተዳረች ልጅ፣ ባሏ ሲሞትባት የእርሷም ዕድሜ ከእርሱ ጋር እንዳከተመ ይቆጠር ነበር። ባሏን በሠርጉ ቀን ብቻ ያየች የዘጠኝ ወይም የዐሥር ዓመት ልጅ እንኳ ብትሆን፣ ሞቱ በእርሷ ክፉ ዕድል የመጣ ነው ተብሎ ይታመናል። በብዙ ቤት ጠጉሯን ትላጫለች፤ ጌጧን ታወልቃለች፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ትመገባለች፤ ሠርግና ክብረ በዓል ካለበት አትደርስም፤ በባሏ ዘመዶች ቤት ያለ ደመወዝ ስታገለግል ትኖራለች። የእንግሊዝ መንግሥት በ1856 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መበለት ዳግመኛ እንድታገባ የሚፈቅድ ሕግ ቢያወጣም፣ ልማዱ ከሕጉ ይልቅ የጸና ስለ ነበረ በሕጉ የተጠቀሙት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በ1881 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአገሪቱ የነበሩት መበለቶች ቁጥር ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበር። ለእነዚህ ሴቶች ከምጽዋት ይልቅ ሙያ፣ ከማጽናኛ ቃልም ጋር ትምህርት እንደሚያስፈልጋቸው ተረድተው ሥራውን በእጃቸው ከጀመሩት መካከል ስሟ በመጀመሪያው ረድፍ የሚጠራው ፓንዲታ ራማባይ ናት።

ራማባይ በሚያዝያ ወር 1858 በደቡብ ሕንድ፣ ጋንጋሙላ በሚባል ዱር ውስጥ ተወለደች። አባቷ አናንት ሻስትሪ ዶንግሬ የታወቀ የሳንስክሪት ሊቅ ነበር። በዚያ ዘመን የሃይማኖቱን ቅዱስ ቋንቋ ለሴት ማስተማር እንደ ነውር ስለሚታይ፣ ይህ ሰው ገና ልጅ ሳለች ያገባትን ሚስቱን ላክሽሚባይን ማስተማር በጀመረ ጊዜ ከወገኖቹ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። እርሱም ሐሳቡን ከመጻሕፍቱ እየጠቀሰ በሊቃውንት ፊት ከተከላከለ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ዱር ገባ። ራማባይም ሳንስክሪትን ከእናቷ አፍ ተማረች፤ ገና በልጅነቷም በሺህ የሚቆጠሩ የቅዱሳት መጻሕፍት ስንኞችን በቃሏ አጠናች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቤተሰቡ ከአንዱ የስግደት ቦታ ወደ ሌላው እየተጓዘ፣ መጻሕፍቱን ለተሳላሚው ሕዝብ እያነበበና ከምእመናን በሚያገኘው ስጦታ እየኖረ ብዙ ዓመት አሳለፈ።

በ1870ዎቹ ዓመታት በደቡብ ሕንድ የወረደው ችጋር ግን ይህን ኑሮ አፈረሰው። የነበራቸው ገንዘብ አለቀ፤ ለሰው እጅ መዘርጋት ደግሞ ለወገናቸው ክብር የማይገባ ስለ መሰላቸው የዱር ቅጠልና ፍሬ እየበሉ ሰነበቱ። በመጀመሪያ አባቷ፣ ቀጥሎ እናቷ፣ ከዚያም ታላቅ እኅቷ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሞቱ። ራማባይ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ከዐሥራ ስድስት ብዙም አላለፈም። ከቀረው ወንድሟ ከሽሪኒቫስ ጋር ሆና ብርዱንና ረኀቡን እየታገሠች በእግሯ ሕንድን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋረጠች። በዚህ ጉዞ በየመንደሩ ያየቻቸው የመበለቶች መከራ ከልቧ ሳይወጣ ቀረ።

ወንድምና እኅት በ1878 ካልካታ ደረሱ። በከተማይቱ የነበሩ ሊቃውንት ይህችን ወጣት ሴት ከመረመሯት በኋላ በእውቀቷ ተደንቀው ፓንዲታ፣ ይኸውም ሊቅ፣ እንዲሁም ሳራስዋቲ የሚለውን የጥበብ አምላክ ስም በማዕረግነት ሰጧት። በ1880 ወንድሟ ሞተ። በዚያው ዓመት ከእርሷ ወገን ዝቅ ካለ የትውልድ መደብ የተወለደውን የቤንጋል ጠበቃ ቢፒን ቢሃሪ ሜድቪን በሕጋዊ ጋብቻ አገባች፤ በሚያዝያ 1881 ማኖራማ የተባለች ሴት ልጅ ወለደች። ነገር ግን ጋብቻው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በየካቲት 1882 ባሏ በኮሌራ ሞተ። ሃያ አራት ዓመት ያልሞላት ራማባይ፣ እናትና አባቷን፣ እኅትና ወንድሟን፣ አሁን ደግሞ ባሏን አጥታ፣ ሕፃን ልጅ ታቅፋ እርሷ ራሷ ስታዝንላቸው ከነበሩት መበለቶች አንዷ ሆነች።

ልማዱ የሚያዘው ከሰው ዐይን ተሰውራ እንድትቀመጥ ነበር። እርሷ ግን ወደ ፑና ከተማ ሄዳ በዚያው ዓመት አርያ ማሂላ ሳማጅ የተባለውን የሴቶች ማኅበር አቋቋመች፤ ስለ ሴቶች ምግባርና ትምህርት በማራቲ ቋንቋ አንድ መጽሐፍ ጻፈች። እንዲሁም የሕንድን ትምህርት እንዲመረምር በመንግሥት የተሠየመው፣ በሊቀ መንበሩ ስም የሃንተር ኮሚሲዮን የተባለው ጉባኤ ወደ ከተማይቱ በመጣ ጊዜ ቀርባ ቃሏን ሰጠች። የሕንድ ሴት በወንድ ሐኪም ለመታየት ስለምታፍር ብዙዎች ያለ ጊዜያቸው እንደሚሞቱ ገልጣ፣ ሴቶች ሕክምና እንዲማሩ፣ ለልጃገረዶች ትምህርት ቤቶችም ሴቶች መምህራንና ተቆጣጣሪዎች እንዲሠለጥኑ አመለከተች።

ሕክምናን ራሷ ለመማር አስባ በ1883 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረች፤ ጆሮዋ እየደከመ በመሄዱ ግን ይህ አሳቧ ሳይሳካ ቀረ። በዋንቴጅ ከተማ በአንግሊካን ደናግል ማኅበር ዘንድ ተቀምጣ ሳለ፣ ማኅበሩ በለንደን የከፈተውን በዝሙት ኑሮ የወደቁ ሴቶች የሚረዱበትን ቤት ጎበኘች። እነዚያ ሴቶች ሳይናቁ በክብር ተይዘው ወደ መልካም ኑሮ ሲመለሱ ማየቷ ልቧን እጅግ ነካው። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ከልጇ ጋር ተጠምቃ ክርስቲያን ሆነች። ሆኖም በሃይማኖት ጉዳይ የአስተማሪዎቿን ቃል ሁሉ ሳትመረምር የምትቀበል ሴት አልነበረችም፤ በዚህም ምክንያት ከእነርሱ ጋር ብዙ ክርክር አድርጋለች። ከዚያ በኋላ በቼልተናም የሴቶች ኮሌጅ እየተማረች ሳንስክሪት ታስተምር ነበር።

በ1886 ዘመዷ አናንዲባይ ጆሺ ከፔንሲልቫኒያ የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ በዶክተርነት በምትመረቅበት ቀን ለመገኘት ወደ አሜሪካ ሄደች። ለጥቂት ጊዜ የታሰበው ጉዞ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረች ንግግር አደረገች፤ ትምህርት ቤቶችን ጎበኘች፤ ፍሬብል የተባለው የጀርመን ሊቅ የጀመረውን የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪነት ሙያ አጠናች። በ1887 ስለ ከፍተኛው ወገን የሂንዱ ሴት ኑሮ በእንግሊዝኛ ያሳተመችው መጽሐፍ በብዛት ተሸጠ፤ ገቢውም ለምታስበው ትምህርት ቤት ዋለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በቦስተን በስሟ የቆመው ማኅበር ለዐሥር ዓመት ያህል ገንዘብ ሊረዳት ቃል ገባ። የስምምነቱ ዋና ቃል፣ ቤቱ ማንንም ወደ ሌላ ሃይማኖት የማያስገድድ የትምህርት ቤት እንዲሆን ነበር።

ሻራዳ ሳዳን፣ ማለትም የጥበብ ቤት፣ በመጋቢት 11 ቀን 1889 በቦምባይ ተከፈተ። በመክፈቻው ቀን የነበሩት ተማሪዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ቤቱ ወደ ፑና ተዛወረ፤ የተማሪዎቹም ቁጥር እየበዛ ሄደ። ወደዚያ የምትመጣ መበለት በመጀመሪያ የምታገኘው መጽሐፍ ወይም የሥራ መሣሪያ ሳይሆን እንደ ሰው መቆጠርን ነበር። ጠጉሯን እንድታሳድግ፣ የፈለገችውን ቀለም እንድትለብስ፣ እንደ ወገኗ ሥርዓት የተዘጋጀ ምግብ እንድትበላ ይፈቀድላታል፤ የአትክልት ቦታውም ለመመላለሻዋ ክፍት ነው። ፊደልና ሒሳብ፣ ቀጥሎም ለኑሮዋ የሚሆን ሙያ፣ በተለይም አስተማሪነት፣ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነበር።

ቤቱ ካፈራቸው ሴቶች መካከል የጎዱባይ ታሪክ ይጠቀሳል። በስምንት ዓመቷ ባል የሞተባት ይህች ሴት፣ ወደ ሻራዳ ሳዳን ስትገባ ሃያኛ ዓመቷን አልፋ ነበር። በ1893 የሒሳብ መምህር የነበረውን ዶንዶ ኬሻቭ ካርቬን በማግባቷ ሁለቱም በትውልድ መንደሩ ሰዎች ዘንድ ተገለሉ። ካርቬ ግን ሳያፈገፍግ በ1896 በፑና የመበለቶችን መጠለያ አቋቋመ፤ በ1916 ደግሞ የሴቶችን ዩኒቨርሲቲ ለመመሥረት በቃ።

የ1893 ዓመት ለራማባይ የፈተና ዓመት ሆነባት። እርሷ በክፍሏ ውስጥ በሯን ሳትዘጋ በምትጸልይበት ጊዜ አንዳንድ ተማሪዎች በፈቃዳቸው ይገቡ ነበር፤ ጥቂቶቹም ወደ ክርስትና ማዘንበላቸው ተሰማ። በቲላክ የሚመራው ኬሳሪ ጋዜጣ ብርቱ ነቀፋ አወረደባት። ቀድሞ ደጋፊዎቿ የነበሩት ዳኛው ራናዴና ሊቁ ባንዳርካርም ከቤቱ አማካሪነት ወጡ፤ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወሰዱ። በዚህ ክርክር ከሁለቱም ወገን እውነት ነበረ። ወላጆችና አማካሪዎች የተገባላቸው ቃል ቤቱ ከሃይማኖት ስብከት ነጻ እንዲሆን ስለ ነበረ፣ ረዳት የሌላት ልጅ በሚመግባትና በሚያስተምራት ሰው እምነት መሳቧ አይቀርም ብለው መሥጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ራማባይ ደግሞ ማንንም እንዳላስገደደች፣ የራሷን ጸሎት ግን በገዛ ቤቷ እንደማትደብቅ ገልጣ ጸናች። ከዚህ ወዲያ የሂንዱ የለውጥ ወገኖች የራሳቸውን ቤቶች ሲከፍቱ፣ የእርሷም ሥራ ቀስ በቀስ በግልጥ ክርስቲያናዊ እየሆነ ሄደ።

በ1896 እና በ1897 በመካከለኛው ሕንድ ታላቅ ረኀብ ሆነ። በልጅነቷ የረኀብን ነገር በአካሏ ያወቀችው ራማባይ ወደ ስፍራው ወርዳ፣ በየመንገዱና በየመጠለያው የወደቁትን፣ ለክፉ ነጋዴም ሲሳይ ሊሆኑ የቀረቡትን ልጃገረዶችና መበለቶች ሰብስባ ሦስት መቶ ያህል ይዛ ተመለሰች። በፑና ቸነፈር ገብቶ ስለ ነበረ ከተማይቱ አዲስ ሰው አልተቀበለችም። ስለዚህ የቦስተኑ እርዳታ ሲያልቅ ለትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ እንዲሆን ብላ በኬድጋኦን ወደ ገዛችው የእርሻ መሬት ወሰደቻቸው። ሙክቲ፣ ማለትም ነጻነት፣ የተባለው መንደር በዚህ ሁኔታ ተቆረቆረ። በ1900 በጉጃራት ሌላ ረኀብ በተነሣ ጊዜ ደግሞ የነዋሪዎቹ ቁጥር ወደ ሁለት ሺህ ተጠጋ።

እነዚህ ሴቶች ከሻራዳ ሳዳን ተማሪዎች የተለዩ ነበሩ። ከተለያየ የትውልድ መደብ የመጡ፣ ብዙዎቹ የታመሙ፣ መከራው ያስፈራቸው፣ ሥርዓትም ያልለመዱ ነበሩ። በመጀመሪያ ምግብ፣ ልብስና ሕክምና ያገኛሉ፤ ሲያገግሙ ትምህርትና የእጅ ሥራ ጎን ለጎን ይጀምራሉ። እርሻ፣ የወተት ላሞች ርባታ፣ ሽመና፣ ልብስ ስፌት፣ ዘይት መጭመቅ፣ ልብስ ማጠብ፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ኋላም በማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቀማና መጻሕፍት መጠረዝ እንደየዝንባሌያቸው ይከፋፈሉ ነበር። ዐይነ ስውራን በብሬል ማንበብና በእጃቸው መሥራት የሚማሩበት፣ በዝሙት ኑሮ የተጎዱ ሴቶች የሚጠለሉበት፣ አረጋውያንም የሚጦሩበት ልዩ ልዩ ክፍል ነበረ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አስተማሪና ተቆጣጣሪ የሆኑት አስቀድመው በሻራዳ ሳዳን የሠለጠኑት መበለቶች ናቸው።

በማኅበራዊ አገልግሎትና በማስተማር ሙያ ለተሠማሩ ሰዎች የራማባይ አሠራር የሚያስተምረው ከዚህ ላይ ነው። ሐዘንተኛይቱን ሐዘንሽን እርሺ አላለቻትም፤ በሐዘኗ ላይ ብቻ እንድትቀመጥም አልተወቻትም። ሰውነቷና ክብሯ ከተጠገነ በኋላ ለራሷ እንጀራ የሚሆን ሙያ ሰጠቻት፤ ሙያውንም ባወቀች ጊዜ ከእርሷ በኋላ የመጣችውን ሌላ ሐዘንተኛ አስተማሪ አደረገቻት። ይህ የመጨረሻው ደረጃ የገንዘብ እጥረት ያመጣው ዘዴ ብቻ አልነበረም። ትናንት ሸክም ናት የተባለች ሴት ዛሬ ለሌላዋ የምታስፈልግ መሆኗን በሥራዋ እንድታይ ያደርጋታልና። በሌላ በኩል፣ ያ የ1893 ክርክር ረጂና ተረጂ በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ የኅሊና ነጻነት ምን ያህል በጥንቃቄ ሊጠበቅ እንደሚገባው ያሳስባል።

ራማባይ በኋለኛው ዘመኗ ዕብራይስጥና ግሪክኛ ተምራ፣ የመንደር ሴት ያለ አስተርጓሚ ልትረዳው በምትችለው ቀላል ማራቲ መጽሐፍ ቅዱስን ለመተርጎም ብዙ ዓመት ደከመች። መንግሥት በ1919 የካይሳር ኢ ሂንድ ሜዳይ ሸለማት። ሥራዋን ትወርሳለች ብላ ተስፋ የጣለችባት፣ የትምህርት ቤቱም ኃላፊ የነበረችው አንድያ ልጇ ማኖራማ በሐምሌ 1921 በአርባ ዓመቷ ሞተች። ራማባይ ይህን የመጨረሻ ሐዘን ተሸክማ በትርጉሙ ሥራ ላይ ቆየችና፣ ሥራው ከፍጻሜ ሲደርስ በሚያዝያ 5 ቀን 1922 በስልሳ ሦስት ዓመቷ ዐረፈች። የሕንድ መንግሥት በ1989 በመታሰቢያዋ ቴምብር አሳትሟል፤ የኬድጋኦኑ ቤትም ችግረኛ ሴቶችንና ልጆችን መቀበሉን አላቋረጠም። የተረጎመችው መጽሐፍ ከሞቷ በኋላ ታትሞ የወጣው በዚያው በሙክቲ ማተሚያ ቤት፣ እርሷ ፊደል ባስቆጠረቻቸው ሴቶች እጅ ነው።