የአለት ሥዕል ተመራማሪው አባ ሄንሪ ብሬይ

አባ ሄንሪ ብሬይ እ.ኤ.አ. በ1877 በፈረንሳይ ኖርማንዲ ተወለዱ። በ1900 ክህነት የተቀበሉ ቢሆንም፣ የሕይወታቸውን አብዛኛውን ዘመን ያሳለፉት የጥንት ሰዎች በዋሻዎች ውስጥ የተዉአቸውን ሥዕሎች በማጥናት ነው። በወጣትነታቸው በፈረንሳይ የኮምባሬልና የፎን ደ ጎም ዋሻዎች ሥዕሎች ሲገኙ ከአግኚዎቹ አንዱ ነበሩ። በ1902 ደግሞ በስፔን የአልታሚራ ዋሻ ሥዕሎችን በእጃቸው ገለበጡ። እነዚህ ሥዕሎች ጥንታዊ ስለመሆናቸው ለሃያ ዓመታት ያህል ሲጠራጠሩ የነበሩ ሊቃውንት ሐሳባቸውን የለወጡት በዚሁ ወቅት ነው።

ተመራማሪው በ1933 ወደ አገራችን መጥተው በድሬዳዋ አቅራቢያ በሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ጥናት አካሂደዋል። በሐረርጌ ያዩአቸውን የአለት ሥዕሎችም በ1934 ለኅትመት አብቅተዋል። በአካባቢው ሥዕሎች ላይ ሻኛ የሌላቸው ከብቶች በብዛት ይታያሉ። ዛሬ በአካባቢው የሚረባው ከብት በአብዛኛው ሻኛ ያለው በመሆኑ፣ ሥዕሎቹ የከብት እርባታን ጥንታዊ ታሪክ ይመሰክራሉ። ሣዮቹ ከሌላው እንስሳ ሁሉ ከብትን አብልጠው መሣላቸውም በማኅበራዊ ኑሯቸው ለከብት የሰጡትን ከፍተኛ ስፍራ ያመለክታል።

አባ ሄንሪ የአውሮፓ ዋሻ ሥዕሎች አደን እንዲቀና ከሚደረግ ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው የሚል እምነት ነበራቸው። ተከታዮቻቸው ግን ይህ ፍቺ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ከዚህ የከበደው ስሕተታቸው በናሚቢያ ብራንድበርግ ተራራ በሚገኝ አንድ ሥዕል ላይ የሰጡት ፍርድ ነው። በ1955 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥዕሉን ከሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ የመጣች ነጭ ሴት አድርገው አቀረቡት። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ሥዕሉ የአፍሪካውያን ሥራ መሆኑንና የተሣለውም ወንድ መሆኑን አረጋግጠዋል። የአንድ ሥፍራ ሥዕል ሲተረጎም የባለቤቱ ሕዝብ እምነትና አኗኗር ካልተጠየቀ፣ ቅርሱ በሥፍራው እያለ ታሪኩ ለባዕድ ሊሰጥ እንደሚችል ይህ ጉዳይ ያስተምራል።

አባ ሄንሪ በ1961 ዐረፉ። በ1940 መርምረው ጥንታዊነቱን የመሰከሩለት የላስኮ ዋሻ በ1963 ለጎብኚዎች ተዘጋ፤ ምክንያቱም የጎብኚዎች ብዛትና ትንፋሽ ሥዕሎቹን እየጎዳ በመምጣቱ ነበር።

በአገራችንም የአለት ሥዕል የሚገኝባቸውን ሥፍራዎች የሚጎበኙ ዜጎች ሥዕሎቹን ከመንካት፣ ደምቀው እንዲታዩ በውኃ ከማርጠብ፣ በአጠገባቸው እሳት ከማንደድና በአለቱ ላይ ስም ከመጻፍ ሊቆጠቡ ይገባል። በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በሌላ ሥራ ምክንያት ያልታወቀ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚመለከተው ባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ቅርስ ለመፈለግና ለማጥናት ቁፋሮ ማካሄድ የሚቻለውም አስቀድሞ ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ነው።