ጌሪ ጋይጋክስ፡ ለምናብ በር ከፍቶ አጥር ያበጀለት ሰው

ጌሪ ጋይጋክስ እአአ በ1938 በአሜሪካዋ ቺካጎ ተወለደ፤ ያደገው ግን በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። የዕለት እንጀራው የኢንሹራንስ ሥራ ነበር። በ1970 ከሥራው ሲሰናበት ጫማ እየጠገነ ቤተሰቡን አስተዳደረ፤ የጨዋታ ሕግጋት መጻፉንም አላቋረጠም።

በ1974 ከዴቭ አርነሰን ጋር ያዘጋጀውን 'ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ' ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ የፈጠሩትን ገጸ ባሕርይ ሆነው አንድ ታሪክ በጋራ ይሠራሉ።

መመሪያው ከደካማነት ተነስቶ ለማደግ የፈቀደ ተጫዋች ዘንዶ እንኳ መሆን እንደሚችል ይገልጽ ነበር። ሆኖም በዚያው መመሪያ የድዋርፍ ተዋጊ ከ6ኛ ደረጃ አያልፍም፤ ያለ ገደብ የሚያድገው ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ ፍጥረታት ልዩ ተሰጥኦ ስላላቸው፣ ገደብ ባይኖር ሰው መሆንን የሚመርጥ አይገኝም የሚል ስጋት ነበረው። በ1978 ደግሞ የሴት ገጸ ባሕርያት የጉልበት ጣሪያ ከወንዶቹ ዝቅ እንዲል ደነገገ። ይህ ድንጋጌ ብርቱ ትችት አስከትሎበት በ1989 እትም ቀረ።

ጋይጋክስ ራሱ በ1985 ከመሠረተው ኩባንያ የመሪነት ሥልጣን ተነሳ። የደረጃ ገደቡም በ2000 እትም ሙሉ በሙሉ ተሻረ። እሱ በመጋቢት 2008 በ69 ዓመቱ ሌክ ጄኔቫ ውስጥ አረፈ። ዛሬ ከቺካጎ እስከ ናይሮቢ ጠረጴዛ የሚከቡ ተጫዋቾች ድዋርፋቸውን የፈለጉት ከፍታ ላይ ያደርሳሉ።