ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም (1916–1967 ዓ.ም.)

ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ የጦር ኃይሎች ታሪክ ውስጥ ጎልተው ከሚታዩ መኮንኖች አንዱ ናቸው። በጦር አዛዥነት፣ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልነት፣ በመከላከያ ሚኒስትርነት፣ በመጨረሻም ለሁለት ወራት ያህል በርእሰ ብሔርነት አገራቸውን አገልግለዋል።

ጄኔራል አማን በሰኔ 1916 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው በሐማሴን ከሚገኘው ከጸዓዘጋ የመጣ ነበር። ትምህርታቸውን በካርቱም ተከታትለው በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ከፋሺስት ወረራ ነጻ ስትወጣ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በውትድርና ሙያም ቀጥለው በእንግሊዝ አገር ከፍተኛ ወታደራዊ ትምህርት ቀሰሙ። ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ወደ ኮሪያ ቃኘው ሻለቃን ባዘመተችበት ጊዜ ከዘመቱት መኮንኖች መካከል ነበሩ።

ስማቸው በሕዝብ ዘንድ የገነነው የ3ኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ሳሉ ነው። መቀመጫው ሐረር የነበረው ይህ ክፍለ ጦር የምሥራቁን የአገሪቱን ድንበር ይጠብቅ ነበር። ሶማሊያ ነጻነቷን ካገኘች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየካቲት 1956 ዓ.ም. በቶጎ ውጫሌና በኦጋዴን የድንበር ግጭት ተቀሰቀሰ። በጄኔራል አማን የሚመራው ጦር ጥቃቱን መክቶ መለሰ። በዚህ ዘመቻ ባሳዩት ቆራጥነትም ሠራዊቱ የበረሃው አንበሳ የሚል ቅጽል ስም ሰጣቸው። ሁለቱ አገሮች በመጋቢት ወር በካርቱም የተኩስ አቁም ስምምነት አደረጉ። ጄኔራሉ ከዚያ በኋላ ከጦር አዛዥነታቸው ተነሥተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ከሠራዊቱ ርቀው በቆዩባቸው ዓመታትም በወታደሩ ዘንድ የነበራቸው ፍቅርና ክብር አልቀነሰም።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ወታደሮቹ በአንድ ድምፅ ሊቀበሉት የሚችሉት ከፍተኛ መኮንን ማግኘት አስፈላጊ ሆነ። ጄኔራል አማን በመጀመሪያ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም፣ ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ፤ የመከላከያ ሚኒስትርነቱንም ሥራ ደርበው ያዙ።

ሹመቱ ከፍ ያለ ቢሆንም ሥልጣኑ በእጃቸው አልነበረም። ከደርጉ አባላት ጋር በሦስት ዐበይት ጉዳዮች ሊስማሙ አልቻሉም። አንደኛው የሊቀ መንበሩ ሥልጣን ወሰን ነበር። ሁለተኛው በእስር የሚገኙት የቀድሞው መንግሥት ባለ ሥልጣናት ዕጣ ነው፤ ጄኔራሉ ያለ ፍርድ እንዲገደሉ አልፈቀዱም። ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው የኤርትራ ጉዳይ ነበር። ጄኔራል አማን ወደ ኤርትራ ተጉዘው ከሕዝቡ ጋር ተወያይተዋል፤ ችግሩም በሰላማዊ መንገድ እንዲፈታ ይፈልጉ ነበር። ደርጉ ግን ተጨማሪ ጦር ወደዚያ እንዲላክ ወሰነ። ውሳኔውን አልቀበልም ያሉት ጄኔራል በኅዳር ወር መጀመሪያ ሥራቸውን ትተው ከቤታቸው ዋሉ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርጉ ወደ መኖሪያ ቤታቸው ወታደሮችን ከታንክ ጋር ላከ። ጄኔራሉ እጃቸውን ሳይሰጡ በተደረገው የተኩስ ልውውጥ በ50 ዓመት ዕድሜያቸው ሕይወታቸው አለፈ። በዚያው ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ሚኒስትሮች፣ መኳንንትና የጦር መኮንኖች ለፍርድ ሳይቀርቡ ተረሸኑ።

ደም ሳይፈስ የተጀመረው ለውጥ ከዚያች ሌሊት ወዲህ መልኩን ለወጠ፤ በኤርትራ የነበረው ጦርነትም ለተጨማሪ 16 ዓመታት ቀጠለ። ጄኔራል አማን ድንበር በጦር ኃይል ሲደፈር በጦር ኃይል የመከቱ፣ በወገን መካከል ለተነሣ ቅራኔ ግን ውይይትን ያስቀደሙ አዛዥ ነበሩ። ሰው ያለ ፍርድ እንዳይገደል የያዙት አቋምም ከሕይወት ታሪካቸው የማይለይ ክፍል ሆኖ ይታወሳል።